በተዋስኩት ወርቅ የተነሳሁት ፎቶ

ፎቶው አሁንም እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። ጥቁር አባያ ለብሻለሁ፤ አንገቴ ላይ ወፍራም የወርቅ ሐብል ይታያል፤ ከኋላዬ ጨርቅ ላይ የተሳለ ፏፏቴ አለ። የተነሳሁት በ2004 ዓ.ም. ሪያድ ውስጥ፣ መንፉሃ ሰፈር ካለ አንድ ፎቶ ቤት ነው። ወርቁ የእኔ አልነበረም። አንድ ክፍል ለስምንት ሆነን ስንኖር አጠገቤ የምትተኛ የሐረርጌ ልጅ ለአንድ ሰዓት አዋሰችኝ፤ በሩ ላይ ቆማ ጠብቃ፣ እንደጨረስኩ ከአንገቴ አውልቃ ወሰደችው። ፎቶውን ወደ አገር ቤት ለሚገባ ሰው ከብርድ ልብስና ከሽቶ ጋር ሰጥቼ ላክሁት። እናቴ አይታ ደስ ይበላት ብዬ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ዓመት ሳይሞላ ታናሽ ወንድሜ ያንን ፎቶ እያየ ከቤት ወጣ።

ይህን የምጽፈው እሱ ፈቅዶልኝ ነው። ስሙን እንዳላነሳ ለምኖኛል፤ የደረሰበትን ግን «ለሚጠቅመው ሰው ንገሪ» ብሎኛል።

የተወለድኩት ሰሜን ወሎ፣ ሐብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። ከቤት የወጣሁት በ2002 ዓ.ም. በ17 ዓመቴ ሲሆን ፓስፖርቴ ግን 26 ይላል። ዕድሜዬን ያስቆጠረው፣ መታወቂያውን ያስወጣው፣ አዲስ አበባ ድረስ ይዞኝ የሄደው የእናቴ አክስት ልጅ ነው። «አያ» እያልኩ ነው የምጠራው። ደላላ የሚለው ቃል እኛ ቤት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ተነስቶ አያውቅም። ለድሃ የሚያዝን፣ የሰው ልጅ ለወግ ለማዕረግ የሚያበቃ ሰው ነው የሚባለው። ልሄድ ስል ቤታችን ወዳጃ ተደርጎ፣ ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ሲሸኙኝ እሱ ከፊት ተቀምጦ «አሚን» ይል ነበር። ይህንን የማነሳው ብዙ ሰው ደላላ ሲባል ጥቁር መነጽር ያደረገ የማያውቀው ሰው ስለሚመስለው ነው። ባዳ መጥቶ ልጅሽን ስጪኝ ቢላት የትኛዋ እናት ትሰጣለች?

ሪያድ እንደገባሁ ፓስፖርቴን ተቀበሉኝ። በ700 ሪያል ለአንድ ቤት ነበር የተዋዋልኩት፤ የሠራሁት ግን ለሁለት ቤት ነው፣ ቀን ለመዳሟ፣ ማታ ለእናቷ። የአምስት ወር ደመወዜን አልሰጡኝም። በወር አንዴ ስልክ ሲያስደውሉኝ መዳሟ አጠገቤ ትቆማለች። አማርኛ አትሰማም፤ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ግን እናቴ ለእኔ መሄጃ የተበደረችው ገንዘብ አልተመለሰም፣ ማልቀስ አሳፈረኝ። «ደህና ነኝ፣ ሥራው ቀላል ነው፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው» እላለሁ። በኋላ ከዚያ ቤት ጠፍቼ ወጥቼ መንፉሃ ስገባም፣ ያለ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ፖሊስ እየሸሸሁ ስሠራም፣ ያንኑ እደግም ነበር። ከተመለስን ወዲህ ስንት ሴት ጠየቅሁ፤ እውነቱን ለእናቷ የነገረች ከአሥር አንድ አላገኘሁም።

እናቴ ፎቶውን ከበሩ ፊት ለፊት ሰቀለችው። አያ ያን ጊዜ ከአንድም ሁለት ሦስት ቀን የሰፈር ጎረምሶች ይዞ ቡና ይጠጣ ጀመር። ግድግዳውን ያሳያቸዋል። «እይዋት፤ ያቺ ኮስማና ልጅ ናት እኮ ይቺ!» ይላቸዋል። እናቴም ቡናውን እያፈላች፣ ልጄ ተሞገሰችልኝ ብላ ደስ ይላታል። ይህንን የነገረችኝ እሷው ናት፤ ስትነግረኝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር።

ወንድሜ 16 ዓመቱ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። አያ «አንድ ብር አታወጣም። ሳዑዲ ስትገባ ሠርተህ ትከፍላለህ» አለው። ቀጥሎ ደግሞ «ጓደኞችህን ካመጣህ ያንተን አልቆጥርብህም» አለው። በጥር 2005 ዓ.ም. በገበያ ዕለት፣ ሰው ሲበዛ፣ ከሦስት የክፍል ጓደኞቹ ጋር ወጣ። ሦስቱንም ያግባባቸው እሱ ነው። ደላላው ገና ከመንደር ሳይወጣ ልጁን በጓደኞቹ ላይ ደላላ አድርጎት ነበር ማለት ነው። ወንድሜን ከጀርባው ጠባሳ ይልቅ የሚከብደው ይኸኛው ነው።

መንገዱ በሚሌ፣ በዲቾቶ አድርጎ ጅቡቲ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ሌሊት ሌሊት በእግር ነው፤ ቀን ላይ በአሳል ሐይቅ አካባቢ ያለው ሙቀት ሰው አያስኬድም። ኦቦክ ሲደርሱ ጀልባ ጠበቁ። ባሕሩ ባብኤል መንደብ ጋ ሲጠብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደላሎቹ «ማዶ ለማዶ ይታያል» የሚሉትም ለዚህ ነው። ጀልባዋ ዳር ሳትደርስ ዋኙ ብለው ወረወሯቸው። የሐብሩ ልጅ የት ዋና ያውቃል! ወንድሜን የጎተተው የማያውቀው የአርሲ ልጅ ነው። የመን ዳር ላይ መኪና ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። «በነፃ» የተባለው ነገር እዚያ ላይ አለቀ። የጫናቸው ሰው ከጀልባው ባለቤት በዋጋ ገዝቷቸዋል።

የወሰዷቸው ወደ ሐረድ ነው፤ በሰሜን የመን ለሳዑዲ ድንበር የቀረበች ከተማ ናት። ሰው አግተው የሚይዙበትን በግንብ የታጠረ ግቢ ሆሽ ይሉታል። ወንድሜ የእኔን ስልክ በቃሉ ያውቅ ነበርና መጀመሪያ የተደወለው ለእኔ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ጀርባው ላይ ፕላስቲክ እያቀለጡ እያንጠባጠቡ ነበር የሚያናግሩኝ። 3 ሺህ ሪያል በሦስት ቀን። መንፉሃ ያለን ልጆች አዋጥተን፣ ወርቅ ያዋሰችኝ ልጅም ያንኑ ሐብል ሸጣ ጨምራልኝ፣ በሐዋላ ላክን። ገንዘቡ በደረሰ በሳምንቱ ለሌላ ሆሽ ሸጡት። አሁን ደግሞ የተደወለው አገር ቤት ነው። አባቴ ሁለት በሬ ሸጦ 12 ሺህ ብር መርሳ ባንክ ሄዶ አስገባ፤ የሒሳብ ቁጥሩ የመን ባለ ሰው ሳይሆን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ባለ ሰው ስም ነበር። በሬዎቹን የሚገዛ ሰው ያመጣልን አያ ነው። እኛም እግዜር ይስጥልን ብለን አመሰገንነው።

አባቴ የባንኩን ደረሰኝ ወደ ቤት እንደተመለሰ እሳት ውስጥ ጣለው። «ፖሊስ ቢያገኘው እኔንም ይከሰኛል» ብሎ ፈርቶ ነው። ዛሬ በየደረስኩበት ቤት ደጋግሜ የማነሳው ይህንን ነው። የተደወለበት ቁጥር፣ የሒሳብ ቁጥሩ፣ ስሙ፣ ደረሰኙ፣ እነዚህ ናቸው ማስረጃዎቹ። ልጁ የታገተበት ቤተሰብ ተበዳይ እንጂ ወንጀለኛ አይደለም። እኛ ያንን ወረቀት ብንይዘው ኖሮ በኋላ «በምን ታውቃላችሁ?» ሲሉን የምንመልሰው ይኖረን ነበር።

ወንድሜ በሐምሌ 2005 ዓ.ም. ከየመን በሚመልሱት አውሮፕላን ተመለሰ። ከሦስቱ ጓደኞቹ ሁለቱ ሳዑዲ ገብተዋል። አንደኛው የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አይታወቅም። እናቱ ጎረቤታችን ናት፤ እኛ ቤት ቡና ትጠጣለች፤ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግራን አታውቅም። እሷ ስትገባ ወንድሜ በጓሮ ይወጣል።

እኔም ብዙ አልቆየሁም። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ የምንኖረውን ማስወጣት ተጀምሮ መንፉሃ ሲረበሽ እጃችንን ሰጠን። በዚያን ሰሞን በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ነው ከሳዑዲ የተመለሰው፤ ቦሌ ስንወርድ ብዙዎቻችን ነጠላ ጫማ አድርገን፣ አንዳንዶቹም ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ቤት ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ያንን ፎቶ ነው። ላወርደው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። «ያን ያህል ዓመት ያየሁት እሱን ነው፤ አንቺን አይደለም» አለችኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በቀበሌው የማኅበረሰብ ውይይት ላይ አወያይ እንድሆን ጠየቁኝ። መጀመሪያ ያደረግነውን ሳስበው አሁንም ያመኛል። አዳራሽ ውስጥ ሰው ሰብስበን፣ ባነር ሰቅለን፣ በድምፅ ማጉያ «ስደት ሞት ነው!» አልን። በባሕር ዳርቻ የተደረደረ አስከሬን ፎቶ አሳየን። ሊቢያ ላይ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በልጆቻችን ላይ የደረሰውን ግድያም አነሳን፤ አገር ሁሉ ያለቀሰበት ጉዳይ ነው። ሰውም አለቀሰ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ተበተነ። በሳምንቱ ከአዳራሹ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከነበሩት ውስጥ አምስት ልጆች ሄዱ።

ከመሄዳቸው በፊት አንደኛውን አግኝቼው ነበር። «ያን ሁሉ ነግሬህ?» አልኩት። «እትዬ፣ ሞትማ እዚህም አለ። እዚያ ግን ከሞት ሌላም ነገር አለ» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። መሬት የለውም፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ሦስት ዓመት ቁጭ ብሏል፤ ከደጁ ወጥቶ ሽቅብ ሲያይ በሳዑዲ ብር የተሠሩ የቆርቆሮ ቤቶች ያብረቀርቃሉ። እኛ ደግሞ የሚሄድ ሁሉ ይሞታል ስንለው፣ ቆርቆሮዎቹን እያየ ውሸታሞች ናቸው ብሎ ደመደመ። እውነት ነው፣ ያለፈለት አለ። ይህንን አልክድም ካልኩ በኋላ ነው ወጣቶቹ ጆሮ የሰጡኝ።

ስለዚህ አዳራሹን ትቼ ወደ ቡናው ሄድኩ። ስምንት፣ አሥር ሴቶች፣ ጎረቤታሞች፣ አንድ ቅሬ (እድር) ውስጥ ያሉ። ልጁ ሲወጣ በሬ የሚሸጠው አባት ቢሆንም፣ እሺ የምትለው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ፎቶዬን ከግድግዳው አውርጄ ይዤው እሄዳለሁ። አቦሉ ሲቀዳ አሳያቸዋለሁ። «ወርቁ ስንት ያወጣል?» እላቸዋለሁ። ይገምታሉ፣ ይከራከራሉ። ከዚያ የተዋስኩት እንደሆነ እነግራቸዋለሁ።

መጀመሪያ ያደረግሁ ቀን ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ በሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴት፣ ከጅዳ የተመለሰች፣ ቤቷን ያሳመረች፣ «የእኔም፣ ፎቶ የተነሳሁበት ልብስ የመዳሟ ልጅ ልብስ ነበር» አለች። ሌላዋ ደግሞ «ደህና ነኝ ብዬ የደወልኩ ዕለት እጄ ተሰብሮ ነበር» አለች። አሥር ዓመት ጎን ለጎን የኖሩ ሴቶች ናቸው። አንዳቸው የአንዳቸውን አያውቁም ነበር። ከአሥር ባነር ይልቅ ያቺ አንዲት ቡና እንደሠራች በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከዚያ ቤት የዚያን ዓመት አንድም ልጅ «በነፃ» ተብሎ አልወጣም።

ተመላሹን ግን በግድ አታናግሩት። ወንድሜን መድረክ ላይ አውጥተው ጀርባውን እንዲያሳይ የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። አንድ ጊዜ እሺ ብሎ ወጣ፤ ለሁለት ወር ከቤት አልወጣም ከዚያ በኋላ።

ቡናው ላይ የምንነጋገረው ስለ ሞት ሳይሆን ስለ አካሄዱ ነው። «በነፃ» የሚል ሰው ገንዘቡን ከየት እንደሚያወጣ አንድ በአንድ እንከተላለን፤ ከመርሳ እስከ ሆሹ ልጁ ስንት እጅ እንደሚለዋወጥ በባቄላ ፍሬ እንቆጥራለን። ስለ ሕጉም እናወራለን። በ1178/2012 አዋጅ ላይ ሁለት ነገር ተለይቷል። ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር አንድ ወንጀል ነው፤ በሰው መነገድ ደግሞ ሌላ፣ ሰውን አታልሎ ወይም አስገድዶ ጉልበቱን ወይም ገላውን ለመበዝበዝ መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ መቀበል። ብዙ ጊዜ ልጁ ከቤት ሲወጣ የሚሻገር መስሎት ነው፤ መንገድ ላይ ሸቀጥ ይሆናል። እናቶቹ ይህንን ሲረዱ የሚጠይቁት ጥያቄ ራሱ ይቀየራል። «ሄዶ ይደርሳል ወይ?» የምትል የነበረች «ማን ነው የሚቀበለው?» ማለት ትጀምራለች።

አትሂዱ ብቻ ማለትም አይበቃም። የሚሄድበት ሕጋዊ መንገድ ካለ ልንነግረው ይገባል። በ923/2008 አዋጅና በኋላ በተሻሻለው መሠረት ለሥራ ወደ ውጭ የሚላክ ሰው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የሚልከው ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ነው፤ የመንደር ዘመድ ፈቃድ የለውም። ቪዛውን፣ የአውሮፕላን ትኬቱንና ኢንሹራንሱን የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ሠራተኛዋ ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ነው የምታወጣው። ለትኬት ብለሽ ብር አምጪ ያለሽ ሰው እዚያው ላይ ተያዘ ማለት ነው። በጉብኝት ቪዛ ለሥራ መላክ የሚባል ነገርም የለም፤ በዚያ የገባች ልጅ እጇ ላይ የሥራ ውል የላትም። የኤጀንሲውን ስም ይዞ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ የአንድ ቀን መንገድ ቢሆን ነው።

ልትሄድ ለወሰነች ልጅ ደግሞ ይህን እነግራታለሁ። ሁለት ስልክ ቁጥር በቃልሽ ያዢ፤ ወረቀትም ስልክም ይወሰዳል። የፓስፖርትሽንና የውሉን ኮፒ እናትሽ ጋ ተዪ። ከእናትሽ ጋር ደግሞ አንድ ቃል ተስማሙ። እኛ ሰፈር አንዲት ልጅ «ዳለቻዋ ላም ወለደች ወይ?» ብላ ከጠየቀች ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው ብለው ተስማምተው ነበር፤ ዳለቻ ላም የሚባል ቤታቸው የለም። በስድስተኛው ወር ሰዎቹ አጠገቧ ቆመው ስትደውል ጠየቀች። እናትየዋ በማግስቱ ውሉን ይዛ ኤጀንሲው በር ላይ ተገኘች፤ ልጅቷ ቤት ተቀየረላት። እኔ ይህ ቃል ቢኖረኝ ኖሮ የማፍርበት አልነበረም፤ ስለ ላም መጠየቅ ማን ያፍራል?

አሁን መናኸሪያው አጠገብ ሻይ እሸጣለሁ። ከጦርነቱ ወዲህ የሚያልፉት ልጆች ዕድሜ አንሷል። በርቀት አውቃቸዋለሁ፤ ሻንጣ የላቸውም፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሃይላንድ ውሃ ይዘዋል፣ ሒሳቡን የሚከፍለው አብሯቸው የማይበላ አንድ ሰው ነው። አልጮህም፤ ሰውየው እዚያው ነው። ሻዩን ሳስቀምጥ ጠጋ ብዬ «የማንን ስልክ በቃልህ ታውቃለህ?» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ቁጥር ለማስታወስ ሲሞክር አቅቶት ፊቱ ይለወጣል። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሻዩን ሳይጨርስ ወደ መጸዳጃ የሄደ መስሎ በጓሮዬ በኩል ወጥቶ ቤቱ ገብቷል።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. 260 ሰው የጫነች ጀልባ የመን ዳርቻ ስትሰጥም፣ በሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ አቢያን አጠገብ ሌላ ጀልባ ሰጥማ ከ60 በላይ ሰው፣ አብዛኛው የእኛው ልጅ፣ ሲያልቅ፣ ሻይ ቤቴ ውስጥ ሬዲዮ የሚሰሙ እናቶች ነበሩ። የእኔ ልጅ ይሆን እያሉ ቀን የሚቆጥሩ። ያን ሰሞን እኔም እንቅልፍ አልነበረኝም።

በዚያው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ ጠራችኝ። የ15 ዓመት ልጅ አለቻት። «የባሌ እህት ልጅ ነው የሚወስዳት፤ ባዳ አይደለም። ዱባይ፣ በጉብኝት ቪዛ፤ ብር አልጠየቀንም» አለችኝ። ፎቶዬን አላወጣሁም። «አሁን፣ እዚሁ ደውዪለትና ሦስት ነገር ጠይቂው» አልኳት። ደወለች። «የኤጀንሲው ስም ማነው?» አለችው። ሳቅ ብሎ «እኔ እያለሁ ምን ኤጀንሲ ያስፈልጋታል?» አላት። «ትኬቱን የሚቆርጠው ማን ነው ታዲያ?» ድምፁ ተለወጠ፤ «ማነው ይህን ያስተማረሽ?» አለ። «የምትገባበትን ቤት ስልክ ስጠኝ» ስትለው ዘጋው። እንደገና ደወለች፤ አልተነሳም። ልጅቷ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ከሰሉን ታራግብ ነበር። እናትየዋ ስልኩን ኪሷ ከተተችና ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየቻት።

«ቶናውን ቅጂ፣ ልጄ» አለቻት።